የአንዱ ልብ ብቻ ለምን?

ገላን ውስጥ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ በተደረደሩት የኪራይ ቤቶች አንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሆኖ ማደር የተለመደ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም። ክረምት ሲገባ መስኮቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ አንድ ፍራሽ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። አንዱ ጉሮሮውን ሲያመው ሳምንት ሳይሞላ ወንድምና እህቱም ምራቅ መዋጥ ያቅታቸዋል። «ቶንሲል ነው» ይባላል። እናት ጨው በሞቀ ውኃ በጥብጣ ታጉመጠምጣለች፣ ጎረቤት ማርና ሎሚ ይዞ ይመጣል። እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው የሚወስድም ቤተሰብ አለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉም ተነስተው ይሮጣሉ።

ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከልጆቹ የአንዷ ጉልበት ያብጣል። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷን፣ እሱ ሲተዋት ክርኗን ያማታል። እያደገች ነው፣ ብርድ ነው ተብሎ ያልፋል። ዓመታት ቆይቶ ዳገት መውጣት ያቅታታል፤ ሌሊት ትራስ ካልደረበች እንቅልፍ አይወስዳትም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የልቧ ግራ ክፍል ቫልቭ ተኮማትሮ፣ አልፎም ተጣብቆ ይገኛል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው።

ቤቱ አንድ፣ ፍራሹ አንድ፣ ጀርሙም አንድ ነበር። ታዲያ የአንዷ ልብ ብቻ ለምን ተለይቶ ተጎዳ? ጥያቄው ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሐኪሞችን ሲያወዛግብ የኖረ ነው፤ መልሱ ሲፈለግ ደግሞ መንገዱ ሳይታሰብ ከኢትዮጵያውያን ደም ጋር ተገናኘ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት የእኛ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1889 – 1943፦ «በዘር የሚሄድ በሽታ»

የለንደኑ ሐኪም ዋልተር ቺድል ስለ ሩማቲክ በሽታ ያደረጋቸውን ንግግሮች በ1889 ሲያሳትም ከገለጻቸው ነገሮች አንዱ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። በቤተሰቡ ውስጥ በሽታው ያለበት ልጅ ከሌለበት ልጅ ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል የመያዝ ዕድል እንዳለው ጻፈ። ያን ጊዜ በሽታውን ምን እንደሚያመጣው የሚያውቅ አልነበረም። ቺድል የነበረው የሕፃናት ክፍል አልጋዎችና ጥሩ ዓይን ብቻ ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ከዒላማው ብዙም አልራቀም።

ጀርሙ በግልጽ የተከሰሰው በ1931 ነው። በኒው ዮርክ አልቪን ኮበርን፣ በለንደን ደግሞ ዊልያም ኮሊስ ሩማቲክ ፊቨር፣ ማለትም መገጣጠሚያን የሚያሳብጠውና ልብን የሚያቆስለው ትኩሳት፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ጀርም የሚያመጣውን የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ እንደሚመጣ ለየብቻቸው አሳዩ። በ1933 ርብቃ ላንስፊልድ የስትሬፕቶኮከስ ዝርያዎችን በፊደል ከፈለቻቸው። ልብን የሚያስጠቃው «ኤ» የተባለው ምድብ ሆነ።

ጀርሙ ቢታወቅም የዘር ነገር አልተረሳም። የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም ሜይ ዊልሰን ከባልደረቦቿ ጋር ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትላ በ1943 ደፋር ድምዳሜ አቀረበች፦ የተጋላጭነቱ ምንጭ አንድ ነጠላ ዘረመል (ጂን) ነው፤ ልጁ ከእናትም ከአባትም አንዳንድ ቅጂ ሲወርስ ይጋለጣል። በጣም ንጹሕ፣ በጣም ቀላል ማብራሪያ ነበር። ችግሩ ቤተሰብ የሚጋራው ደም ብቻ አለመሆኑ ነው። ፍራሽም፣ ብርድ ልብስም፣ የሚተነፍሱትም አየር የጋራ ነው። የዊልሰን መዝገብ ሁለቱን መለየት አልቻለም።

የዘር ወገን ነን ባዮቹን ዝም የሚያሰኝ ሌላ እውነትም ነበር። በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሩማቲክ ፊቨር መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። ቤት ሲሰፋ፣ ምግብ ሲሻሻል፣ ልጆች ለየብቻ መተኛት ሲጀምሩ በሽታው ሸሸ። የአንድ ሕዝብ ዘረመል በሃምሳ ዓመት አይለወጥም፤ የመኝታ ቤቱ ብዛት ግን ይለወጣል። በእኔ ግምት ይህ ክርክር ዛሬም አልተረታም። ስለ ዘረመል የሚወራ ማንኛውም ወሬ ገላን ድረስ ሲመጣ መጀመሪያ የኪራይ ቤቱን ስፋት ማለፍ አለበት።

1950፦ ከ804ቱ 17ቱ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የአሜሪካ ጦር ካምፖች በጉሮሮ ሕመም ይታመሱ ነበር። ወጣት ምልምሎች በአንድ አዳራሽ ታጭቀው ያድራሉ፤ አንዱ ሲታመም ሁሉም ይታመማል። በዋዮሚንግ ግዛት በሚገኘው ፎርት ዋረን የቻርልስ ራመልካምፕ ቡድን ቤተ ሙከራ ከፈተ። ፍሎይድ ዴኒና ሉዊስ ዋናሜከርም አብረውት ነበሩ። በጉሮሮ ሕመም የተኙትን ወታደሮች ከሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ፔኒሲሊን ሰጡ፣ ግማሾቹን እንዲሁ ተከታተሉ።

ውጤቱ በ1950 ታተመ። ፔኒሲሊን ካገኙት 798 ወታደሮች ሩማቲክ ፊቨር የያዛቸው 2 ነበሩ፤ ካላገኙት 804 ደግሞ 17። የልብ ሕክምናን ታሪክ ካዞሩት ቁጥሮች መካከል ናቸው። ጉሮሮን በጊዜ ማከም ልብን ማዳን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የተከራከረ የለም። ብዙም ሳይቆይ በደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መጣ። አንድ ጊዜ ሩማቲክ ፊቨር የያዘው ልጅ ዳግም እንዳይጠቃ በየወሩ የሚወጋው ያ መርፌ እስከ ዛሬ አልተተካም።

ነገር ግን ቁጥሩን ገልብጠን እንየው። መድኃኒት ካልወሰዱት 804 ውስጥ 787ቱ ምንም አልሆኑም። ሁሉም ወጣቶች ናቸው፤ የበሉት አንድ ዓይነት፣ ያደሩት አንድ አዳራሽ፣ የያዛቸው አንድ ጀርም። የቺድልን ጥያቄ ቤተሰብና ድህነት የማይበርዙበት ቦታ ላይ ማየት ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ ግን 17ቱን ከ787ቱ የሚለይ መሣሪያ አልነበረም። ደማቸውን ቀድቶ ዘረመሉን ማንበብ ገና አልታሰበም።

1960ዎቹ – 1970ዎቹ፦ ዘበኛው ሰው ሲያሳስት

ቀጣዩ መታጠፊያ የመጣው ከአሜሪካዊው ሜልቪን ካፕላን ነው። በስትሬፕቶኮከስ ላይ የሚነሱ አንዳንድ ፀረ እንግዳ አካላት የልብ ጡንቻንም እንደሚይዙ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። የጀርሙ ቆዳ ላይ ያለው ፕሮቲን የልብን ፕሮቲን ይመስላል። ሰውነት ጀርሙን ሲያባርር፣ ሌባ ሲያሳድድ ጋቢውን ብቻ አይቶ የቤቱን ሰው እንደሚደበድብ ዘበኛ፣ የራሱን ቫልቭ ይመታል። ጀርሙ ከጉሮሮ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ልብ የሚቆስለው ለዚህ ነው። በየጊዜው የሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም ደግሞ ቁስሉን ያድሳል።

ይህ ሐሳብ የዘረመልን ጉዳይ አዲስ መልክ ሰጠው። የጀርሙን ቁራጭ ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩት ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ስለዚህ የአንዱ ሰውነት ጀርሙን በአንድ ገጹ፣ የሌላው በሌላ ገጹ ያየዋል። ከእነዚያ ገጾች አንዱ ከልብ ቫልቭ ጋር ሲመሳሰል መከራው ይጀምራል። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ጀርሙን የማየት ሁኔታ ነው ማለት ነው። ዊልሰን ፈልጋው የነበረው አንድ ጂን በብዙ ትንንሽ ጂኖች ተተካ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የብሪታንያዊው ኤልድሪድ ፓሪ ቡድን የኢትዮጵያን የልብ በሽታዎች መቁጠር ጀመረ። ለሳንባ ነቀርሳ ፍተሻ የሚውለውን ትንሽዬ የደረት ራጅ ለልብ በሽተኛ መፈለጊያ አድርገው የሠሩትን ጥናት በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። ሩማቲክ የልብ ሕመም በአውሮፓ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የታሪክ ምዕራፍ እየሆነ ሳለ እዚህ ሆስፒታሉን ሞልቶት ነበር። ፓሪ ኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ1988 የአፍሪካን የጤና ባለሙያዎች የሚያግዝ ድርጅት አቋቋመ፤ ከኢትዮጵያ ጋር የጀመረውን ወዳጅነት ግን እስከ እርጅናው አልተወም።

1989 – 2009፦ ልብ ፍለጋ ባሕር ማዶ

የተጣበቀን ቫልቭ መርፌ አይከፍተውም። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ልብ የሚከፍት አልነበረም። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅትን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ሕፃናትን አውሮፕላን ላይ ማሳፈር ነበር። የውጭ ሆስፒታሎችን እየለመኑ፣ ለአንድ ልጅ ቪዛ፣ ለአንድ ልጅ ትኬት፣ ለአንድ ልጅ አልጋ ያፈላልጉ ጀመር። እናቱን ተሰናብቶ ቋንቋውን ወደማያውቀው ሀገር ብቻውን የሚሄድ የስምንት ዓመት ልጅ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም።

ይህ ጉዞ ሌሎች በሮችንም ከፈተ። በ1995 አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሁለት ሕፃናት እንዲታከሙለት እስራኤል ለሚገኘው ቀዶ ሐኪም አሚ ኮኸን ጥሪ አቀረበ። ኮኸን ተቀበላቸው፤ ከዚያ ጅማሬ ሆሎን ከተማ በሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታል የብዙ ሀገር ሕፃናትን ልብ የሚያክም ድርጅት ተወለደ። ኮኸን በ2001 ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ ሕይወቱ አለፈ፤ ድርጅቱ ግን ቀጠለ።

በእኛ አቆጣጠር 2001 ዓ.ም.፣ ማለትም በ2009፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ዘመን የለየ ቀን ነበር። ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከገላን የሚመጣ ቤተሰብ ፓስፖርት ሳያወጣ ልጁን ማሳከም የሚችልበት ዕድል ተፈጠረ። ግን ወረፋው ወዲያው በሺዎች ተቆጠረ፤ ቫልቭም፣ ክርም፣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያም አልበቃም።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ሕይወት ነው። ከብረትና ከካርቦን የተሠራ ቫልቭ የገባላት ልጅ ደሟ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ትውጣለች። መጠኑ ሲያንስ ደሟ ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ያደርጋታል፤ ሲበዛ ትደማለች። መሐሉን የሚያሳየው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ሚትራል የሚባለው የግራ ልብ ቫልቭ ለተቀየረለት ሰው በ2.5 እና በ3.5 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመን ይበዛና ቁጥሩ ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ይቀርና ቁጥሩ ይወጣል። ነርሷ «ምን በላሽ?» ብላ የምትጠይቀው ለወግ አይደለም።

ጎመን ብቻውን ግን ሁሉንም አያብራራም። አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ፣ ኪሏቸውም ተመሳስሎ፣ አንደኛው በቀን አንድ ፍሬ ሲበቃው ሌላው ሁለት እጥፍ ውጦም ቁጥሩ አልነቃነቅ ይላል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መድኃኒቱን እየዘለለ እንደሆነ ነው።

1996 – 2008፦ ከስቶክሆልም የመጣው መልስ

መልሱ የመጣው ከልብ ሐኪሞች አይደለም። ስዊድን በሚገኘው ካሮሊንስካ ተቋም ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ የሀገሯ ሰዎች መድኃኒትን እንዴት እንደሚያብላሉ ታጠና ነበር። በ1996 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት የዘርፉን ሰዎች ያስገረመ ነው። ጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም አለ። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ጂን ተጨማሪ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። ቅጂው የበዛለት ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ያጠፋዋል። የልብ ምትን ለማርገብ የሚሰጠው ሜቶፕሮሎል በዚሁ ኢንዛይም ከሚሰባበሩት አንዱ ነው።

ቅጂው በዚህ የአፍሪካ ክፍል ለምን በዛ? አንዳንድ ተመራማሪዎች በረሃብ ዘመን አባቶቻችን የበሏቸውን ተክሎች መርዝ ለማርከስ የረዳ ቅርስ ሊሆን ይችላል ይላሉ። መላ ምት ነው፤ ግን የታሪካችንን የረሃብ ዘመናት ለሚያውቅ ሰው ጆሮ አይገባም አይባልም።

በ2002 ያው ቡድን በኢትዮጵያ የሚኖሩና ወደ ስዊድን የሄዱ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸረ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ የኢንዛይሙ ሥራ ግን ልዩነት አሳየ። የሚኖሩበት አካባቢ የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። እኔ ይህን ውጤት ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ቺድልንና ተቃዋሚዎቹን በአንድ ማዕድ ያስቀመጠ ነውና።

ዋርፋሪንን በተመለከተ ወሳኙ ነገር የተገኘው በእስራኤል ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ቪኬኦአርሲ1 የሚባለውን፣ ቫይታሚን ኬን መልሶ የሚያድሰውን ፕሮቲን በማፈን ነው። በዚህ ፕሮቲን 36ኛ ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድ የነበረው በታይሮሲን የተተካባቸው ሰዎች ከፍተኛ መጠን ካልወሰዱ መድኃኒቱ እንደማይሠራላቸው በ2007 ታወቀ። ሌሎች በሳምንት 40 ሚሊግራም አካባቢ ሲበቃቸው እነዚህ ከ70 ሚሊግራም በላይ ይፈልጋሉ። ይህ ለውጥ ከታየባቸው መካከል ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ይገኙበታል። በቀጣዩ ዓመት እሌኒ አክሊሉና የእስራኤል ባልደረቦቿ ለውጡ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ መሆኑን ብለድ በተባለው የደም ሕክምና መጽሔት አስታወቁ።

እንግዲህ መድኃኒቷን «ትዘላለች» ተብላ የተጠረጠረችው ልጅ ምንም ሳትዘል ቁጥሯ የሚወርድበት ምክንያት ሊኖራት ይችላል።

በዚያው በ2008 ከጃፓን የመጣ ሌላ ግኝትም የዘመኑን አቅጣጫ ያሳያል። ካዋሳኪ የሚባለው የሕፃናት በሽታ፣ ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በ1967 በ50 ሕፃናት ላይ የገለጸው፣ የልብን የደም ሥሮች ያስቆጣል። ተመራማሪዎቹ አይቲፒኬሲ የተባለ ጂን ልዩነት ሕፃኑ ለበሽታው የመጋለጡን፣ የልቡ የደም ሥርም የመጎዳቱን ዕድል እንደሚጨምር አሳዩ። አንድ ጂን ሕመሙንም፣ ሕመሙ የሚጸናበትንም ደረጃ ሊነካ እንደሚችል ማሳያ ሆነ። ካዋሳኪ በእኛ ሀገር ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር የሚወዳደር ሸክም የለውም፤ የሀብታም ሀገር ገንዘብ ግን ለእሱ ቀድሞ ደረሰ።

2007 – 2021፦ የተደበቁት ልጆችና የደም ናሙናቸው

እስከዚህ ድረስ ሩማቲክ የልብ ሕመም በአብዛኛው የሚቆጠረው በጆሮ ነበር። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረት ላይ ያሳርፋል፣ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማ ይመዘግባል። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ በዚህ ዘዴ የተሠራ ጥናት ከ1,000 ልጆች ወደ 6 የሚሆኑ በሽተኞችን አግኝቷል። በ2007 ግን ከሞዛምቢክና ከካምቦዲያ የወጣ ጥናት የልብ አልትራሳውንድ፣ ሐኪሞቹ ኢኮ የሚሉት፣ ማዳመጫ ከሚያገኘው አሥር እጥፍ ያህል እንደሚያገኝ አሳየ። በኢትዮጵያም በስድስት ክልሎች 3,238 ተማሪዎች በኢኮ ታይተው በ2016 ውጤቱ ሲታተም ከ1,000 ልጆች 19ኙ ላይ ምልክቱ ተገኘ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እየተጫወቱ፣ እየሮጡ፣ ምንም ሳይሰማቸው የሚማሩ ነበሩ።

በሽተኞቹ ከተገኙ በኋላ ናሙናቸውን መሰብሰብ ተቻለ። ቀድሞ ግን በ2011 ማርክ ኤንግልና ባልደረቦቹ ለአሥርተ ዓመታት ተበታትነው የቆዩትን የመንትዮች ጥናቶች አንድ ላይ አሰባሰቡ። በ435 ጥንድ መንትዮች ውስጥ ከአንድ እንቁላል የተገኙት መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም የሚታመመው በ44 ከመቶ ጊዜ ነው፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ላይ ግን 12 ከመቶ ብቻ። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች አንድ ቤት ያድጋሉ፤ ፍራሹ አንድ ነው። ዊልሰን መለየት ያቃታትን ነገር መንትዮቹ ለዩት። ይሁንና 44 ማለት ከግማሽ በታች ነው። በዘረመል ቅንጣት ከማይለዩት ሁለቱ አንዱ ሲታመም ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘረመል የሚያስሱ ጥናቶች ተከታተሉ። በ2017 ከኦሺያኒያ ደሴቶች በተሰበሰበ የ2,852 ሰዎች ናሙና ፀረ እንግዳ አካል ከሚሠሩት ጂኖች በአንዱ ላይ ያለ ልዩነት ተለየ፤ እያንዳንዱ ቅጂ አደጋውን 1.4 እጥፍ ያደርሰዋል። በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ያ ጀርሙን የሚያሳየው የኤችኤልኤ ቤተሰብ ብቅ አለ። ካፕላን ከገመተው ጋር የሚስማሙ ውጤቶች ናቸው።

የአፍሪካ ተራ የደረሰው በደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ ጥረት ነው። ማዮሲ ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ የተሳተፈችበትን ሬሜዲ የተባለ ጥናት መርቶ ነበር። በ14 ሀገሮች 3,343 በሽተኞች ተመዝግበው መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት፣ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ሆነው ተገኙ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶው 17 ያህሉ ሞቱ። በየካቲት 2015 በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎች የተዘረዘሩበት መግለጫ ሲረቅም አሻራው ነበረበት።

ማዮሲ በሐምሌ 2018 አረፈ። እሱ የጀመረው የዘረመል ጥናት በ2021 ሲታተም ከ8 የአፍሪካ ሀገሮች 4,809 ሰዎች ተሳትፈውበት ነበር። በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ በጥቁር አፍሪካውያን ዘንድ አደጋውን ወደ 1.65 እጥፍ የሚያሳድግ ቦታ ተለየ። ቦታው ከኦሺያኒያውም ከአውስትራሊያውም የተለየ ነው። ለአንድ አህጉር ሕዝብ የተሠራ የዘረመል መመርመሪያ ለሌላው እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል። ቁጥሩም ልከኛ ነው፤ የትኛዋ ልጅ እንደምትታመም ቀድሞ የሚናገር ምርመራ ከዚህ ገና አይወጣም።

2021 – 2022፦ ዳግም ወደ አሮጌዎቹ መድኃኒቶች

ሦስት ዜናዎች ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተከታተሉ። የመጀመሪያው ከሰሜን ኡጋንዳ የመጣ ነው። በኢኮ ብቻ የተለየ ስውር የልብ ጉዳት ያለባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን በየወሩ ቤንዛቲን ተወጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተወጉት የባሰባቸው 0.8 ከመቶ፣ ካልተወጉት ደግሞ 8.2 ከመቶ ሆኑ። በዘረመሉ ማን ይጋለጣል ብሎ ሳይጠይቅ ሁሉንም የሚጠብቅ መርፌ ሰባ ዓመት ቆይቶ ዳግም ተመሰከረለት።

ሁለተኛው ስለዚሁ መርፌ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ያወጣው ማሳሰቢያ ነው። በእኛም ሀገር የጤና ባለሙያዎች ይህን መርፌ እንደሚፈሩት የታወቀ ነው፤ ሰው ተወግቶ ወዲያው ሲሞት «አለርጂ ነው» ይባላል። ማሳሰቢያው ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ሞት ብዙው ቫልቫቸው ክፉኛ በተጎዳባቸው ሰዎች ላይ፣ በአለርጂ ሳይሆን በልባቸው መዳከም እንደሚመጣ ገልጾ ለእነሱ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መከረ። ሌላው ልጅ መርፌውን መፍራት የለበትም።

ሦስተኛው ለእኛ ታሪክ የከበደው ነው። የዋርፋሪንን ጣጣ የሚያስቀሩ አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ከመጡ ቆይተዋል፤ አይኤንአር አይፈልጉም፣ ጎመንም አይከለክሉም። ብዙ ሐኪም ለሩማቲክ በሽተኞችም መዳኛ ይሆናሉ ብሎ ይጠብቅ ነበር። በነሐሴ 2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት በ24 ሀገሮች ከ4,500 በላይ፣ የልብ ምታቸው የተዛባ የሩማቲክ ሕሙማንን ተከታትሎ ተቃራኒውን አገኘ። ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት በሕይወት ቆዩ፤ ደም መፍሰሱም አልበዛባቸውም። የብረት ቫልቭ ላላቸውማ አዲሶቹ መድኃኒቶች ድሮም አይሰጡም።

ዋርፋሪን ስላልተሻረ በ2008 የታተመው የኢትዮጵያውያን ግኝት ለመዝገብ ቤት የሚተው አልሆነም። በተለይ ለሴቶች ልጆች። ዋርፋሪን ፅንስን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር ይጨምራል። የብረት ቫልቭ ያላት ሴት ስታረግዝ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት ዋርፋሪኑን ለማስቀጠል የሚደፍሩት በአብዛኛው በቀን ከ5 ሚሊግራም ካልበለጠ ነው። ያ 36ኛ ቦታው የተለወጠባት ልጅ ግን በቀን ወደ 10 ሚሊግራም ልትፈልግ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ከመጀመሩ በፊት ከገደቡ አልፋለች። ለእሷ ከብረት ቫልቭ ይልቅ ዕድሜው ቢያጥርም ዋርፋሪን የማይጠይቀው የእንስሳ ቫልቭ፣ ወይም ከተቻለ የራሷን ቫልቭ መጠገን የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርጫ የሚደረገው ደግሞ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ከመውጣቷ በፊት፣ ብዙውን ጊዜ ገና የአሥር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው።